በርዕደ መሬቱ ለተሰነጠቀች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ እንላክ፣ ብር እንላክ ወይስ መሐንዲስ?

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ የጽዋ ማኅበር አለን። አብዛኞቻችን የቢሮ ሠራተኞች ነን፤ ሚኒባስ ያለው አንድ፣ ፀጉር ቤት ያላት አንዲት አሉን። ከመካከላችን የአንዷ አገር ከመተሐራ አለፍ ብሎ ቆላው ውስጥ ነው። በታኅሣሥና በጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ እዚህ አምፖል ሲወዛወዝ አየን፣ ከፎቅ ተሯሩጠን ወረድን፣ ፌስቡክ ላይ «ተሰማችሁ?» ተባባልን፤ በቃ። እነሱ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ያ በሬክተር 6 የተለካው ሲመጣ ቤተ ክርስቲያናቸው ተሰነጠቀች።

ፎቶ ልከውልናል። ክብ ናት። ግድግዳዋ ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። ከሰሜኑ መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ የሰው እጅ ያስገባል። የቅኔ ማህሌቱ ጣሪያ በአንድ በኩል ተንሸራቷል። ከዚያ በኋላ የመጣ ንፋስ ደግሞ የጫፍ ጫፉን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወስዶታል። ታቦቱ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ነው።

ያዋጣነው ብር ብዙ አይደለም። እሱ ላይ ደግሞ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝተን፣ አይሱዙ ተከራይተን፣ ከክረምት በፊት እናድርስ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አሮጌውን አፍርሰን በብሎኬትና በፌሮ አዲስ እንሥራ፤ ውጭ ያሉትንም እንጠይቅ» ባይ ነው። አንዱ ጭራሽ ዲዛይን አሠርቶ መጥቷል። ሦስት ጉልላት አለው። የሚያምር ነው፣ አልዋሽም።

እዚህ ቤት ነገሩን የሚያውቅ አይጠፋም። ምን ይቅደም?

ፒያሳ ሰፈሬ

ምን ያከራክራል? ቆርቆሮ ግዙና ሂዱ። ሰኔ ግም ሲል እናንተ ገና ስብሰባ ላይ ናችሁ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አካውንት ቁጥር ጣሉና እኛም እናዋጣ።

እንዲያው ልጠይቅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚያ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ መጠለያ ገብቷል። ሰው ሸራ ሥር እያደረ እናንተ ስለ ጉልላት ታወራላችሁ? እግዚአብሔር እንደሆነ ድንኳን ውስጥም ይሰማል። ብሩን ለምግብና ለብርድ ልብስ አውሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ይደርሳል።

ወለተ ሰንበት

እኔ ነኝ የዚያ አገር ሰው። የማኅበሩ አባል ነኝ።

«እንዲያው ልጠይቅ»፣ አልተቆጣሁም፤ ጥያቄህ ልክ ነው። የእናቴ ቤትም ወድቋል። ለእሷ የሚሆነውን ቤተሰብ ለብቻው እያዋጣ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ግቢ ለኛ የጸሎት ቦታ ብቻ አይደለም። የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው እዚያ ዋርካ ሥር ነው። እርዳታ ሲመጣ ስም የሚጠራው እዚያ ነው። ያ ሌሊት ሕዝቡ ሁሉ ሜዳ ላይ የተሰበሰበው የት ይመስልሃል? ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ዛፍ አይወድቅብንም፣ ግድግዳ የለም ብለው።

ለማኅበሬ ሰዎች ደግሞ፦ ቄሰ ገበዙን በስልክ አገኘኋቸው። «አባ፣ ምን ይምጣላችሁ?» አልኳቸው። ሲሚንቶ አላሉኝም። ጉልላትም አላሉኝም። መጀመሪያ ያሉኝ ዘቢብና ጧፍ ነው፤ ያለቀባቸው እሱ ነውና። ቀጥለው ወፍራም ሸራ አሉ፤ ዕቃ ቤቱ ያፈስሳል፣ የብራና መጻሕፍቱን ሰው ቤት በአደራ አስቀምጠዋል፣ ያም ቤት ቢሆን ደህና አይደለም። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንድ የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን አይቶ ግቡ ወይም አትግቡ ቢለን» አሉኝ። ምእመኑ ወደ ውስጥ ካልገባን እያለ አስቸግሯቸዋል።

መሐንዲሱ

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የድሮ ቤት ጥገና ላይ ቆይቻለሁ። ቄሰ ገበዙ ከሁላችንም ቀድመው የሚያስፈልገውን ተናግረዋል። እሳቸውን ስሙ።

መጀመሪያ ነገር፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ጣሊያን ውስጥ አሲሲ የሚባል ከተማ አለ። እ.አ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1997 ሌሊት መሬት ተንቀጠቀጠ። ሲነጋ ባለሙያዎችና መነኮሳት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ባዚሊካ ምን ያህል እንደተጎዳ ሊያዩ ገቡ። እዚያው እያሉ ሁለተኛው መጣ። የጣሪያው ቅስት ተደርምሶ አራት ሰው ሞተ። የሞቱት ጉዳቱን ለማየት የገቡት ናቸው። የኛ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ መንቀጥቀጥ ደግሞ አንዴ መጥቶ የሄደ አይደለም። ከሥር ቅልጥ አለት እየገፋ ለወራት ሲደጋግመን ነው የከረመው። ዕቃ የሚያወጣ ሰው እንኳ ቢኖር ጥቂት ሆኖ፣ ውጭ ጠባቂ አቁሞ፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ።

ስንጥቁን በተመለከተ። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ግድግዳው ወደ ጎን ተገፍቶ እንደነበር ይነግርሃል። የሚያሳስበኝ ስፋቱ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ቆሟል ወይስ አሁንም እየሄደ ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጀሶ በጥብጡ። ስንጥቁን አሻግራችሁ፣ ከወዲያ ወዲህ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ስስ አድርጋችሁ ለጥፉ። ሲደርቅ ቀኑን ጻፉበት። ልስኑ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ይሁን፤ ልስኑ ራሱ ለብቻው ሊላቀቅ ይችላልና ያሳስታችኋል። ከውጭ በኩል፣ አስተማማኝ ቦታ ቆማችሁ የምትደርሱበት ላይ ብቻ አድርጉት። በየሳምንቱ አንድ ልጅ በስልክ ፎቶ ያንሣው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ስለ ጥገና ማውራት ጊዜው አይደለም፣ ድጋፍ ነው የሚያስፈልገው። ያዘነበለው በኩል በወፍራም አጣና ይደገፍ፤ አጣናው ግድግዳውን እንዳይወጋው መሐሉ ጣውላ ይግባ።

ከዚያ ዝናቡ። ሰው መንቀጥቀጡን ፈርቶ ዝናቡን ይረሳል። ድንጋይ በጭቃ የተሠራን ግድግዳ የሚገድለው ውሃ ነው። ላዩ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ደግሞ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ውስጥ ውስጡን ጭቃውን ያላላዋል። ላዩ ደረቅ ሆኖ ስታየው ደህና ይመስልሃል፤ አንድ ቀን ሆዱ ተነፍቶ ይወድቃል። ስለዚህ ሸራው ቀልድ አይደለም። ግድግዳውን ከላይ መሸፈን፣ ዙሪያውን ደግሞ ውሃ የሚያርቅ ቦይ መቆፈር። ቦዩ በደቦ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ከናንተ ብር አይጠይቅም። ከግድግዳው ሥር አይቆፈር ብቻ፣ ራቅ ይበል።

መሬቱም ይታይ። እዚያ አካባቢ መሬት ራሱ የተሰነጠቀበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በግቢው ካለፈ ምንም ጥገና አያዋጣም፤ ቦታ መቀየር ሊመጣ ነው። ለዚህ ሩቅ አትሂዱ። እናንተው ሰፈር አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩት አለ። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ፎቶውንና ቦታውን አሳዩ።

ፒያሳ ሰፈሬ

ይህ ሁሉ ጥናት እስኪያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ይወድቃል እኮ።

መሐንዲሱ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ወንድሜ። ጀሶ መለጠፍና ሸራ መወጠር ጥናት አይባልም። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ቆርቆሮ ተራ

እኔ መርካቶ ነው ያለሁት። ሙስሊም ነኝ፤ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ስሸጥ ነው የኖርኩት። ስለ ዕቃው ልናገር፤ ሰው ሁሌ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የቆርቆሮ ጌጅ፣ ማለትም የውፍረቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 የሚባለው በጣት ሲጫኑት ይረግባል። ኮሚቴ ግን ሲመጣ ምን ይላል? «በዚህ ብር ስንት ይደርሰናል?» ብዛቱን ያያል። ብዛት ያለው ስስ ገዝቶ ይሄዳል። አንድ ክረምት ሳይሞላው ንፋስ ከምስማሩ ላይ እየቀደደ ይወስደዋል። ምስማሩ እዚያው እንደተመታ ይቀራል፣ ቆርቆሮው የለም! ትንሽ ይሁን፣ 28 ይሁን። ምስማሩም ጎማ ያለው ይሁን።

ሌላው፣ የተገነጠለውን አሮጌ ቆርቆሮ አትጣሉ። ቀዳዳው ቢበዛም ለጊዜያዊ መጠለያ ጎን ይሆናል። አዲሱንም ሁሉን ከዚህ አትጫኑ። ሲሚንቶና ከባድ ዕቃ አዳማ ወይም መተሐራ ጠይቁ፤ የአይሱዙ ኪራዩ ትርፉን ሁሉ ይበላዋል። ከዚህ የሚያዋጣው እዚያ የማይገኝ ዕቃ ነው። ወፍራም ሸራ እዚህ ይሻላል፤ ሲገዙ በፀሐይ አንሥታችሁ እዩት፣ ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ተዉት። ደረሰኝ ደግሞ ተቀበሉ፣ እኔም ጋ ብትመጡ።

አላህ ያግዛችሁ። ሸራውን እኔ ጋ ከገዛችሁ ገመዱን በነፃ እሰጣለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ

ቆርቆሮ ተራ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

መሐንዲሱ፣ አንድ ጥያቄ። አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ የሚሉትን ምን ልበላቸው? እነሱ የሚሉት «ጭቃ ቤት ነው የወደቀው፣ የፌሮ ቤት አይወድቅም» ነው። ዲዛይን ያመጣውን ልጅ ማስቀየም አልፈልግም፤ ከልቡ ነው።

መሐንዲሱ

የፌሮ ቤት በደንብ ካልታሰረ የባሰ ነው የሚወድቀው፤ ሲወድቅ ደግሞ ከባድ ነው። አገራችን የርዕደ መሬት የግንባታ ስታንዳርድ አላት፤ የ2015ቱ (እ.አ.አ.) ነው የሚሠራው። ስምጥ ሸለቆው ላይ ኮንክሪት የሚሠራ ሰው በሱ ማስላት አለበት። ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት) በየስንት ሴንቲ እንደሚታሰር፣ ፌሮው ጥግ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚከታተል ሰው በየቀኑ እዚያ መዋል አለበት። ገጠር ላይ ይህን ማን ያደርጋል? አሸዋው ታጥቦ ነው? ኮንክሪቱ ውሃ እየጠጣ ነው የደረቀው? በዚያ ቆላ ፀሐይ? ሦስት ጉልላት እላዩ ላይ ስትጭን ደግሞ ክብደቱን ሁሉ ጫፍ ላይ አወጣኸው። መሬት ሲወዛወዝ ጫፍ ላይ ያለ ክብደት ነው ግድግዳውን የሚጥለው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሮጌውን የጭቃ ግድግዳ ትቶ ላዩ ላይ የኮንክሪት ጣሪያ መድፋት ነው። ይህን ያደረጉ አይቻለሁ። ስም አልጠራም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁ ነበር። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው አለ? ግድግዳው ውስጥ በየረድፉ እንጨት ተኝቷል። ከውጭ ክብ ክብ ሆኖ ብቅ ያለው የእንጨቱ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ጎብኚ ለጌጥ ነው ብሎ ፎቶ ያነሣል። ሥራው ግን ማሰር ነው። የተኛው እንጨት ግድግዳውን በርዝመቱ ያስረዋል፣ የዝንጀሮ ራሱ ደግሞ የውስጡንና የውጩን ፊት ያያይዛል። ያ ሕንፃ ከሺህ ዓመት በላይ ቆሟል።

የናንተዋም እንደዚሁ ልትጠገን ትችላለች። ክብ መሆኗ ጥሩ ነው። ጥግ የላትም፤ ብዙ ጊዜ ቤት የሚለያየው ጥጉ ላይ ነው። የጎደላት የአናት ማሰሪያ ነው። ካርቶን ሳጥን ክዳኑ ሲነሣ ጎኖቹ ይወላገዳሉ፤ ክዳኑ ሲታሰር ግን አንድ ይሆናል። ግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚይዝ ጠንካራ እንጨት ይኑር፣ የጣሪያው እንጨቶች ሁሉ በብረት ማሰሪያ ከሱ ጋር ይታሰሩ። ይህ ሲደረግ የንፋሱም ችግር አብሮ ይቀንሳል። ንፋስ ቆርቆሮ የሚገነጥለው በጣሪያው ጫፍ ሥር ገብቶ ወደ ላይ እየገፋ ነውና። ስንጥቁ በጭቃና በኖራ፣ በድንጋይ እየተሰፋ ይሞላል። ሲሚንቶ አትድፉበት፤ ከጎኑ ካለው ጭቃ ጋር አይዋደድም።

ጥገና ደግሞ ውርደት አይደለም። ፒያሳ የምትኖሩ በየቀኑ የምታልፉበት የአራዳ ጊዮርጊስ ምን ሆኖ ነበር? ፋሺስት በ1929 ዓ.ም. አቃጠለው። ከነፃነት በኋላ አፍርሳችሁ አዲስ ሥሩ አልተባለም። ስምንት ማዕዘኑ የድንጋይ ግድግዳ እንዳለ ቀረ፣ ውስጡ ታደሰ፤ ኋላም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ገቡበት። ዛሬ የምናየው ያንን ነው።

ቀለም ቀቢዋ

የሥዕል ጥገና ላይ የምሠራ ነኝ። ማንም ስላላነሣው ላንሣ፦ ውስጥ ሥዕል አለ?

ከኖረ፣ በብዙ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ቀጥታ ግድግዳ ላይ አይደለም። ጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ጨርቁ ነው የተለጠፈው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይላቀቅና ይንጠለጠላል። ሰው ደግሞ በቅንነት በምስማር ይቸነክረዋል፣ ወይ በኮላ ይለጥፈዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጨርቁ ከወደቀ አትጠፉት፤ በንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ፣ እንደ ወደቀ፣ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የተበጣጠሰውን ትንሹንም ቁራጭ ሰብስቡ። የአሲሲውን መሐንዲሱ አንሥቶታል፤ እዚያ የወደቀው የግድግዳ ሥዕል በሺዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ሆኖ ነበር። ለቀሙት፣ ገጣጠሙት፣ በ1999 (እ.አ.አ.) ባዚሊካው ተከፈተ። አመድ መስሎ የሚታይ ቁራጭ ቦታ ነበረው።

ብራናውም እንደዚያው። ከረጠበ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይኮማተራል። ጥላ ውስጥ፣ አየር ባለበት፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

እንዲያው በጎ ነገር አስበን የምናደርገው አንዳንዱ ጥገና ለሚመጣው ትውልድ ዕዳ ነው። ላሊበላ ላይ ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ከ1966 (እ.አ.አ.) ጀምሮ የመጡት ጠጋኞች አንዱ ሥራቸው ያንን መፋቅ ሆነ።

ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ይወቀው። በ209/92 አዋጁ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢሮክራሲ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ነፃ የባለሙያ ዓይንም ሊገኝበት ይችላል።

ዲያቆን ዘአራዳ

ሁሉም የተባለው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ሥርዓቱን ነው።

ለጥገናም ቢሆን መቅደሱ ውስጥ ማንም አይገባም። ግንበኛ ከተፈለገ ከካህናቱ ጋር ተነጋግራችሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሙያው ያላቸው ዲያቆናት አይጠፉም፤ ገጠር ላይ ግንበኛ ዲያቆን ብርቅ አይደለም። የሚሠራውን ሁሉ ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይያዘው። ከሀገረ ስብከቱም ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ከኪሳችሁ ከምታወጡት ውጭ ገንዘብ ባትሰበስቡ ይሻላል።

እና ደግሞ፣ ለምንድነው ማንም ስለ መቃኞ፣ ስለ ጊዜያዊዋ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ የማያነሣው? ታቦቱ በድንኳን ነው አላችሁ። ድንኳን የዕለት ነው። ክረምት በድንኳን አይቀደስበትም፤ ጎርፍ ይገባል፣ ንፋስ ይገለብጠዋል። ዋናው እስኪጠገን ትንሽ መቃኞ ይሠራና ታቦቱ እዚያ ይግባ። ቅዳሴው ይቀጥላል፣ ክርስትናው ይነሣል፣ ሰው አይበተንም። ብዙ ደብር ከተማም ውስጥ በመቃኞ ነው የጀመረው። መቃኞ ካለ ትልቁን ለመጠገን ሁለትም ሦስትም ዓመት መውሰድ ትችላላችሁ፤ የሚያስቸኩል ነገር አይኖርም።

ወለተ ሰንበት

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አጣናው ከኛው አገር ይወጣል። ሕዝቡ ጉልበት አለው። አሮጌው ቆርቆሮም አለ።

አርክቴክቷ

የመቃኞው ሐሳብ ደስ ብሎኛል። ጃፓን ቆቤ ከተማ በ1995 (እ.አ.አ.) በርዕደ መሬት ስትመታ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነደደ። ሺገሩ ባን የሚባል አርክቴክት መጥቶ በወፍራም የወረቀት ቱቦ ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን ሠራላቸው። 58 ቱቦ ነው። የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለጊዜው ነው የተባለው አሥር ዓመት አገለገለ። ከዚያ ተነቅሎ ታይዋን ሄደ፤ እዚያም የርዕደ መሬት አገር ነው፣ ዛሬም ቆሟል።

ወረቀት ሥሩ ማለቴ አይደለም፤ ምስጡ ይበላችኋል። ግን መቃኞውን አትናቁት። ቀላል ስለሆነ ቢወዛወዝ ሰው አይገድልም። አጣናዎቹን በሰያፍም እሰሩ፣ አራት ማዕዘን ብቻ አትተዉት። ሰያፍ የሌለው አጣና ቤት ወደ ጎን ይተኛል። እግሩንም ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ አፈር ውስጥ አትቅበሩት።

እንዲያው ልጠይቅ

እሺ፣ መቃኞው ይገባኛል። ሦስት ጉልላቱ ነበር ያናደደኝ።

የወንጌል አማኝ ፒያሳ

እኛ ፕሮቴስታንት ነን፤ ምክሩ ግን ለሁላችንም ነው። የኛም የገጠር አዳራሾች ብዙዎቹ ረጅም ቆርቆሮ ቤት ናቸው፤ መሐሉ ምሰሶ የለው፣ ሰያፍ የለው። ንፋስ ሲመጣ እንደ ቆመ ይሄዳል።

የማካፍላችሁ ስለ ብሩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጥቢያ ጣሪያው ሄዶበት እዚህ መሐል ከተማ ያለን ምእመናን አዋጣን። ብሩ በአንድ ሰው የግል አካውንት ገባ። ለሥራ ተቋራጩ ቀብድ ግማሹ ተከፈለ። ተቋራጩ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠፋ። ጉድጓዱ ክረምቱን ውሃ ጠጣ፣ አጠገቡ የነበረውም ግድግዳ ሰመጠ። ሌባ ነበር ማለት አልችልም፤ ብረት ጨመረ፣ ከሰረ፣ ስልኩን ዘጋ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ብሩ በአጥቢያው አካውንት ይግባ፣ ፈራሚው ከአንድ በላይ ይሁን፣ ክፍያው ሥራው ባለቀ ቁጥር ይሁን። እዚያ ያሉትን ሰዎችም ገዢ አድርጓቸው። ከአዲስ አበባ ሄዶ ከሚከራከር ኮሚቴ ይልቅ ዋጋውን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትሄዱ የመቶ ሰው ልዑክ ሆናችሁ አትሂዱ። እኛ አውቶቡስ ሞልተን ሄደን አስተናጋጆቹ ለኛ በግ አረዱ። ቤታቸው ወድቆ!

ወለተ ሰንበት

ኧረ እውነት ነው። እኛም አገር ያርዳሉ። አትከለክላቸውም፣ ያዝናሉ።

ፒያሳ ሰፈሬ

እኔ ሚስማር መምታት እችላለሁ። ሰው ስትቀንሱ እኔን አታውጡኝ እንግዲህ።

መሐንዲሱ

ሚስማር የሚመታ እዚያ ሞልቷል፣ ወንድሜ። ከቻልክ የብረት ማሰሪያውን ግዛ። ማንም የማያዋጣለት ዕቃ እሱ ነው፤ አይታይማ። ጉልላት ሲሆን ስም ይጻፍበታል።

ስለ ታሪኩም አንድ ነገር ልበል፣ «ይህ ነገር አዲስ ነው» የሚል ሰው ስላየሁ። በ1898 ዓ.ም. ክረምት ላይ በላንጋኖ በኩል የተነሣው አዲስ አበባን ራሷን አንቀጥቅጦ ሰውን ከቤት አስወጥቷል። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ በመጣው ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ። ስምጥ ሸለቆው እየተለጠጠ ነው፤ ገና ይመጣል። ስለዚህ አሁን የምትጠግኑት «እንደ ነበረ» ሳይሆን ታስሮ ይሁን።

የአራት ኪሎ ልጅ

ትናንት ማታ ማኅበሩ ቤት ተሰብስበን ይህን ሁሉ አነበብንላቸው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ዲዛይን ያመጣው ልጅ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ኋላ ወለተ ሰንበት ቄሰ ገበዙን በስልክ አገናኘችውና ድምፁን ከፍተን ሁላችንም ሰማን። «ልጄ፣ ጉልላቱ ቆንጆ ነው፤ እኔ ግን ዘንድሮ ክረምት የት ልቀድስ?» አሉት። ዝም አለ። አሁን የመቃኞውን ስፋት የሚለካው እሱ ነው፤ አርክቴክቷ፣ ሰያፉን ያልሽውን አስተላልፌለታለሁ፣ ከፈቀድሽ ንድፉን ይልክልሻል።

የወሰንነው ይህ ነው። ዘቢብና ጧፍ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳል። ሸራና ገመድ ከቆርቆሮ ተራ ወንድማችን ጋ ዓርብ ይገዛል። ብሩ በደብሩ አካውንት ይገባል፤ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ እስኪደርስ ግን ከማኅበሩ ውጭ ከማንም አንቀበልም፣ ፒያሳ ሰፈሬ ይቅር በለኝ። የሚጓዘው አምስት ሰው ነው። መሐንዲሱ እሄዳለሁ ብሎናል፤ ነዳጁን እኛ እንችላለን፣ አበልም አልፈልግም አለ። ቀለም ቀቢዋ ሥራ ስላለባት ፎቶ እየላክንላት ትመራናለች። የጂኦፊዚክሱ ቢሮ ሰኞ ጠዋት እኔ እሄዳለሁ።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ከመተሐራ ወዲያ ያለው መንገድ ለሚኒባስ አይሆንም ተባለ። አራት ጎማ የሚነዳ ላንድ ክሩዘር ወይም ፒክአፕ ያለው፣ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ማታ የሚመልሰን ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ቆርቆሮ ተራ

የአጎቴ ልጅ ሃይሉክስ አለው። ሹፌሩ እሱ ራሱ ከሆነ ይሰጣችኋል። ጠዋት ሱቅ ና።

መሐንዲሱ

ጀሶ እንዳትረሱ። አንድ ከረጢት ይበቃል። ወፍራም ማርከርም ያዙ፣ ቀኑን የምንጽፍበት።